ባላባቱ ያሸነፈ ዕለት

የሰው ልጅ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ለማየት የሚጋፋ ጉደኛ ፍጡር ነው። ሙሽሪት ከቤቷ ስትወጣ እንደምታለቅስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን እንባዋን ለማየት አንገታችንን እናሰግጋለን። ተናጋሪው «በአጭሩ» ብሎ ከጀመረ እንደማያሳጥር እናውቃለን፤ ግን ጆሯችንን እንሰጠዋለን። እኔም በዚያ በኪነት ዘመን፣ ማን እንደሚጥልና ማን እንደሚወድቅ ጠንቅቄ የማውቀውን ትግል ለማየት፣ እሁድ እሁድ ከደሴ ሰው ሁሉ ቀድሜ አዳራሽ እገባ ነበር። «ሴትና ትግል ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ አይጠፋም። መርፌ ነው ያገናኘን። የልብስ ስፌት ማኅበር አባል ነበርኩና የታጋዮቹን ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ።

ትግል ስላችሁ እንዳትሳሳቱ። ያኔ ትግል የማይባል ነገር አልነበረም። ማረስ ትግል፣ ማንበብ ትግል፣ ለስኳር መሰለፍ ትግል። የኛው ግን ሰው ሰውን አንሥቶ ፍራሽ ላይ የሚያፈርጥበት የእውነቱ ትግል ነበር። የእውነቱ ማለቴ፣ ያው የውሸቱ።

ነገሩን ያመጣው ጋሽ ይመር ነው። በወጣትነቱ አስመራ፣ ፈረንጆች ጦር ሰፈር ወጥ ቤት ሲሠራ፣ ጉማሬ የሚያካክሉ ሰዎች እርስ በርስ ሲወራወሩ በቴሌቪዥን ያይ ነበር። ስንቱን ወጥ እንዳሳረረ እሱና አለቃው ናቸው የሚያውቁ። ደሴ ተመልሶ የኪነት ቡድን ኃላፊ ሲሆን ታዲያ ያየውን አልረሳም። በመዝሙሩና በድራማው መሃል ትግል አስገባ። የጭድ ፍራሽ ተነጠፈ፣ የጭነት መኪና ገመድ ዙሪያውን ተወጠረ፣ በር ላይ «የመደብ ትግል» ተብሎ ተጻፈ። ካድሬው ጓድ አየለም ርእሱን አንብቦ ፈቀደ።

ታጋዮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ «ላብ አደሩ» ይባላል፤ ብርሃኑ ነው፣ የጓድ አየለ ሚስት ወንድም። ሌላው «ባላባቱ» ነው፤ ይኼ እንድሪስ ይባላል፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚሸከም፣ በር ጎንበስ ብሎ በጎኑ የሚገባ ሰው። ከአሮጌ የአዳራሽ መጋረጃ ካባ ሰፋሁለት፣ ጠርዙን በቢጫ ክር ጠለፍኩለት፣ ጢሙን ከፍየል ጠጉር ሠርቼ በላስቲክ ጆሮው ላይ አንጠለጠልኩለት። ይኼ ሁሉ ካባና ጢም ግን እሁድ በመጣ ቁጥር ፍራሽ ላይ ይዘረጋል። ላብ አደር በባላባት አይወድቅማ።

እዚህ ላይ ቅሬታዬን ልናገር። አሸናፊነት እንደ ኮት ነው፤ ልኩ ላልሆነ ሰው ካለበሱት ይንጠለጠልበታል። ብርሃኑ መልክ አለው፤ ትግል የለውም። እንድሪስን ሲያነሣው እንድሪስ ራሱ ዘሎ ነው የሚነሣለት። አወዳደቅ ማለትማ የእንድሪስ ነበር። መጀመሪያ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ቀጥሎ ዓይኑ ጣራውን ይፈልጋል፣ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ዋርካ አዳራሹን እያርገደገደ ይወርዳል። ሕዝቡ ለብርሃኑ ያጨበጭባል፤ ሲወጣ ግን የሚያወራው ስለ እንድሪስ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ይመርን ያዝኩት። «ጋሼ፣ እስቲ አንድ እሁድ ባላባቱ ያሸንፍ። ባላጋራው ያላስፈራ ጀግና ምኑ ነው ጀግና?»

«እኔስ መች ጠላሁ» አለኝ። «ጓድ አየለን ጠይቄው ነበር። ታሪክ ወደ ኋላ አይሄድም አለኝ።»

«ለአንድ እሁድ እንኳ?»

«ለአንድ ደቂቃም። እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ፣ እታፈራሁ።»

ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። ሰው በአንዲት ቃል ተወስዶ የሚቀርበት ዘመን ነበርና፣ ልጆች አሉኝ ያለን ሰው አይከራከሩትም።

ከዚያ ኮምቦልቻ ተጠራን። ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ መጥቷል ተብሎ፣ ቡድኑ በሙሉ በጭነት መኪና ተጫነ። የደሴን ብርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጥለን፣ እኔ ካባውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ወረድን። አዳራሹ በሙቀት ታፍኗል። ፊት ለፊት እንግዳውና ጓድ አየለ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ስብሰባ አለ ተብለው ከደጋን በኩል የመጡ ገበሬዎች፣ ሽመላቸውን ጉልበታቸው መሃል ተክለው አግዳሚውን ሞልተውታል።

እንድሪስ በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«እታፈራሁ፣ አባቴ መጥተዋል።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«ወፍጮ ቤት መሆኔን ነው የሚያውቁ። ልጄን የሚጥል የለም ብለው ለአገር የሚያወሩ ሰው ናቸው። ብርሃኑ ሲያፈርጠኝ ሊያዩ?»

«በዚህ ጢምና በዚህ ካባ ማን ያውቅሃል?»

«አባት ልጁን በፍየል ጠጉር ይስታል?» አለና እጄን ያዘኝ። «ሂጂ፣ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ነጭ ቆብ ያደረጉት፣ ጫፍ ላይ ያሉት ናቸው። ስወድቅ ካዘኑ የውሸት ነው በያቸው። ወላሂ ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

ሄድኩ። አባቱ አባባ ሙሄ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው በደንብ የማያይ ሽማግሌ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ነይ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ። የዛሬው ስብሰባ ምንድን ነው?»

«ትግል ነው።»

«እሱንማ ሁልጊዜ ይሉናል» አሉ።

መጋረጃው ተከፈተ። ብርሃኑ ቱታውን ለብሶ ወጣ፣ ተጨበጨበ። ቀጥሎ እንድሪስ ካባውን እየጎተተ ገባ። አባባ ሙሄ ይቁነጠነጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እጃቸው ሽመላቸው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ቁርጥ እሱን» አሉ በሹክሹክታ።

«ማንን፣ አባባ?»

«የመሬቱን ጌታ። በዚሁ አረማመድ ነበር አውድማዬ ላይ የሚመጣ። ካባውን ሳያወልቅ ቆሞ እህሌን ያሰፍራል። እንድሪስ የሚባል ልጅ አለኝ፤ ያኔ ጨቅላ ነበር፣ እናቱ ደግሞ ጡቷ ደርቆ...» አልጨረሱትም። ወደ መድረኩ ዞረው «ጣለው» አሉ። «ጣልልኝ ይኼን ሰው።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አላወቁትም፤ ጭራሽ እንዲወድቅ እየጸለዩ ነው። ልጅየው ደግሞ አባቴ እያየኝ ነው ብሎ መድረክ ላይ ቆሟል። እጄን ዘርግቼ፣ መዳፌን ወደ መሬት እያደረግሁ በምልክት «ውደቅ፣ ውደቅ» አልኩት። አየኝ። አባቱንም አየ፤ ጉንጫቸው ላይ እንባ ይወርዳል። የኔን እጅ እንዴት እንደ ተረጎመው በኋላ ነው የነገረኝ፦ «አባትህ አለቀሱ፣ ብርሃኑን መሬት ላይ ጣለው» ያልኩት መስሎታል።

ብርሃኑ እንደ ልማዱ ወገቡን አቅፎ ሊያነሣው ጎንበስ አለ። እንድሪስ አልዘለለም። ብርሃኑ እንደገና ሳበ፣ ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«ዝለል እንጂ» ሲለው እኛ ድረስ ተሰማ።

«ዛሬ አልዘልም» አለ እንድሪስ።

ከዚያ እንደ ዱቄት ጆንያ አነሣው፤ ሳይቸኩል፣ ሳያሳምመው፣ ፍራሹ ላይ አስተኛው። መዳፉን ደረቱ ላይ አኖረበት።

ዳኛው ጋሽ ይመር ነው፤ ሦስት እስኪቆጥር ያልተነሣ ተሸነፈ። ጎንበስ ብሎ «አንድ» አለ። «ሁለት» አለ። እዚያ ላይ ቆመ። ብርሃኑ እንዲነሣ በዓይኑ ለመነው፤ ብርሃኑ መነሣት ቢችል ኖሮ ድሮም ታጋይ በሆነ። ጋሽ ይመር ላቡን ጠርጎ፣ እንደሚናዘዝ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሦስት» አለ።

ያጨበጨበ የለም። እኔ ስንት እሁድ የተመኘሁት ነገር ሆኖ ሳለ አንድ ጭብጨባ እንኳ ከእጄ አልወጣም። ባላባት፣ በአብዮቱ መድረክ፣ በእንግዳ ፊት፣ ላብ አደሩን ጥሎ ቆሟል። ጓድ አየለ ቀስ ብሎ ተነሣና በር ላይ ወደ ቆሙት ጠባቂዎች ዞረ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ጋሽ ይመር ማይክራፎኑን ያዘ።

«ጓዶች፣ አያችሁ?» አለ። «ላብ አደሩ ብቻውን ገጠመ፣ ወደቀ። ለምን ወደቀ? እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስላያችሁ ነው። ሰፊው ሕዝብ እግሩን አጣጥፎ ካየ፣ ባላባት ነገም ይነሣል። ትግል ቁጭ ብለው የሚያዩት ነገር አይደለም።»

እንግዳው ጥቂት አሰበና አጨበጨበ። ጓድ አየለ ወደ ጠባቂዎቹ የዘረጋውን እጅ መልሶ ከእንግዳው አብልጦ አጨበጨበ። ተረፍን ብዬ ተነፈስኩ።

ለካስ አልተረፍንም። ያኔ ከመድረክ የሚነገር ነገር ሁሉ ትእዛዝ ነው። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቁጭ ማለት ጥፋት ከሆነ መነሣት ነዋ። መጀመሪያ የተነሡት አባባ ሙሄ ናቸው። ኩታቸውን ያዝኩ፤ ኩታው እጄ ላይ ቀረ፤ እሳቸው ሽመላቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ፣ አዳራሹም ተከተላቸው።

እንድሪስ አባቱ ሲመጡ አየ። ሊያቅፉት የመጡ መሰለውና ሁለት እጁን ዘረጋላቸው። ሽመሉ ትከሻው ላይ አረፈ።

«አባባ» አለ።

ሁለተኛው ምት ተነሥቶ ነበር። የጢሙ ላስቲክ በአንድ በኩል ተበጥሶ ጢሙ ጆሮው ላይ ተንጠለጠለ። ሽመሉ አየር ላይ ቀረ።

«እንድሪስ?»

እንዲያ ያለ ፊት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሽማግሌው ለመደንገጥ እንኳ ጊዜ አላገኙም፤ ከኋላቸው ሌላው ሽመል ሁሉ እየመጣ ነው። ዞሩና በዚያ ቀጭን ገላቸው ያንን ተራራ የሚያህል ልጅ ጋርደው ቆሙ።

«ተመለሱ» አሉ። «ልጄ ነው። ባላባት አይደለም፣ ልጄ ነው።»

ገበሬዎቹ ሽመላቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኛም ሽማግሌውን ከመድረኩ ጀርባ ወስደን አስቀመጥናቸው። ውሃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡትም። እንድሪስ ካባውን አውልቆ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«ለምን ጣልከው?» አሉት።

«እርስዎ እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ያ ሰው አንድ ቀን ሲወድቅ ለማየት ዕድሜዬን ሙሉ ዱዓ አድርጌያለሁ» አሉ። «አዋጁ መሬቱን ወሰደበት፤ ሲወድቅ ግን አላየሁትም፤ አገር ጥሎ ሄደ። ዛሬ ዓይኔ ሥር ሊወድቅ ደርሶ፣ አንተ አቆምክብኝ።»

«ሁለተኛ አላሸንፍም።»

«ቃልህ ነው?»

«ወላሂ፣ አባባ።»

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። እንግዳው ግን በትርኢቱ ተደስቶ ኖሯል። ሕዝብን እንዲህ የሚያነሣሣ ኪነት አይቼ አላውቅም አለና፣ በየከተማው እየዞራችሁ አሳዩ፣ ባላባቱ ያሸንፍ፣ ሕዝቡም ይነሣ ብሎ መመሪያ ሰጠ። ታሪክ ወደ ኋላ አይሄድም ያለን ጓድ አየለ፣ ይኼን መመሪያ ቆሞ አነበበልን። ማን እንደሚወድቅ የሚወስን ሰው በወሰነው የማያፍር መሆኑን ያኔ ነው የተማርኩት።

እንድሪስን ለመኑት። ለአባቴ ምያለሁ፣ አላሸንፍም አለ። ጋሽ ይመር ጭንቅላቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ብርሃኑ ፈገግ ብሎ ብድግ አለ። እሱ ማሸነፉን እንጂ ማንን ሆኖ እንደሚያሸንፍ አይጨንቀውም። ካባውን አጥብቤ ለብርሃኑ ሰፋሁት፤ ለእንድሪስ ልክ የሚሆን ቱታ ስለጠፋ ሁለት ቱታ አንድ አድርጌ ቀጠልኩለት። ብርሃኑ በየከተማው አሸነፈ። ባሸነፈም ቁጥር ሕዝቡ እየተነሣ መድረክ ይወጣል፤ እሱም በጓሮ በር ይሮጣል። አሸናፊ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

ደሴ ላይ ስናሳይ አባባ ሙሄ ከደጋን ድረስ መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ። እንድሪስ በላብ አደሩ ቱታ ታገለ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ዓይኑ ጣራውን ፈለገ፣ ወደቀ። ብርሃኑ መዳፉን ደረቱ ላይ አኖረበት። ጋሽ ይመር ንግግሩን ሳይጨርስ ሽማግሌው ተነሥተው መድረኩ ላይ ወጡ። ባላባቱን ዞር ብለው አላዩትም። ልጃቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ እሱም ዘሎ ተነሣላቸው፤ ቱታውን እያራገፉ «አብሽር፣ አይዞህ» ሲሉት ሰማሁ።

ትግል አዋቂ ነኝ ለምል ለኔ፣ ይኼ አሰላለፍ የተበላሸ ነው። እንድሪስን የመሰለ ሰው በሁለቱም ልብስ መውደቁ ዛሬም አይዋጥልኝም፤ ያገኘሁትን ሁሉ እከራከርበታለሁ። አባባ ሙሄን ግን ያን ዕለት በመመለሻቸው «ማን አሸነፈ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ያላየሁትን ጠየቅሽኝ በሚል ዓይን አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።