የህንዷ እናት ለቅሶ በጉለሌ

የህንድ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ላይ ቅያሜ አለኝ። በዘፈኑ አይደለም፤ ዘፈኑ ይሁንላቸው። ሰው ሲከፋው ያንጎራጉራል፣ እኛም እናንጎራጉራለን፤ ልዩነቱ እኛ ከኋላችን የሚጨፍር መንደር አናሰልፍም። ዛፍ ለዛፍ መሯሯጡንም ችዬዋለሁ። እኔን ያስቀየመኝ እናት መግደላቸው ነው። ምን አለ ሌላ ሰው ቢገድሉ? አጎት አለ። ጎረቤት አለ። ያ ጺሙን የሚጠመዝዝ ባለጌ ሀብታም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ቆሟል። ሁሉንም ትተው እናትየዋን!

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ጉለሌ ውስጥ፣ ከዊንጌት ከፍ ብሎ፣ አሰገደች የምትባል ልጅ አጭቻለሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሽማግሌው ተመላልሶ፣ ጫማው አልቆ፣ በመጨረሻ እሺ ተብሏል። ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። ጾሙ ከገባ እንግዲህ ሠርግ የለም፤ እስከ ፋሲካ ቁጭ ነው። ጠጁ ተጥሏል። ከእኔ የሚጠበቀው ምንም ሳላበላሽ እስከዚያ መሰንበት ብቻ ነበር። ቤቱ አርፎ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚወጣው ሥራ ነው።

እኔ ግን አማቴን ላስደስት ብዬ ተነሣሁ። አማቴ የምለው የአሰገደችን እናት ወይዘሮ ጌጤነሽን ነው። ባላቸው የሞቱት ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ነው፤ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ሰፈሩ ይወዳቸዋል፣ ይፈራቸዋልም። ሲኒማ ቤት ረግጠው አያውቁም። እሁድ ከሰዓት እናትና ልጅን ይዤ ፒያሳ ወረድኩ። ፊልሙ የህንድ ነው።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ልብስ እየሰፋች ልጇን ታስተምራለች። ልጁ ትልቅ ሰው ይሆናል፤ ይዘፍናል። ትልቅ ቤት ይሠራል፤ ይዘፍናል። እናቱ ልታየው ብትመጣ ዘበኛው ከበር ይመልሳታል። ዝናብ ይወርዳል። ልጁ ነገሩን ሲሰማ እየሮጠ ይወጣል፣ ግን እየዘፈነ ስለሚሮጥ አይደርስባትም። ትሞታለች።

አዳራሹ ውስጥ ቋንቋቸውን የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም፤ ያልገባው ሰውም አልነበረም። አማቴ ዘበኛውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጋኛ ይምታህ ብለውታል። ስትሞት አለቀሱ። ሁላችንም አለቀስን፤ የገባነውም ለዚሁ ነው። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ አስከሬኗን እንጨት ላይ አጋድሞ እሳት ለኮሰባት።

አማቴ ለቅሷቸውን ቀጥ አድርገው እኔን ዞረው አዩኝ። እኔ ያዘዝኩት ይመስል። ምን እያደረጋት ነው አሉኝ። የአገራቸው ደንብ ነው አልኳቸው።

"ፍትሐት ሳይደረግላት? ሳትቀበር?" አሉኝ። "በእንጨት እኮ ሽሮ ነው የሚሠራበት!"

እስከ ጉለሌ ድረስ እያማተቡ ሄዱ።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ብቅ አልኩ። አማቴ ጥቁር ለብሰዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ወርደው ተቀምጠዋል። ጎረቤት ከቧቸዋል፤ ንፍሮ ይዞራል። ክው አልኩ። አሰገደችን በዓይኔ ፈለግኩ፤ ደህና ናት። ወደ ጓሮ ወሰደችኝና የትናንቷ ሴትዮ ናት አለችኝ። የትኛዋ ሴትዮ? የፊልሟ። እማዬ ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው፣ ለዚያች ምስኪን እድር የላት፣ ዘመድ የላት፣ ልጇ እንደሆን አቃጥሏት ሄደ፣ ማን ይቀመጥላት ብለው ተነሡ። አርባዋ ሳይወጣ ጥቁሬን አላወልቅም ብለዋል አለችኝ።

አርባዋ የሚወጣው ጾሙ ገብቶ ከሰነበተ በኋላ ነው። ጥቁር የለበሰች እናት ደግሞ ልጅ አትድርም።

ሰፈርተኛው ሞኝ እንዳይመስላችሁ። ፊልም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ የሞተ ሰው የለም የሚል ጉለሌ ውስጥ አልተወለደም። ሰው ጥቁር የለበሰ ሲያይ እግዜር ያጥናችሁ ይልና ይቀመጣል። ከተቀመጠ ንፍሮ ይዘግናል። ንፍሮ ከዘገነ ወዲያ ምን አፍ አለው? ሟች ምናቸው ናት ብለው የሚጠይቁ ነበሩ። የሩቅ ናት ይባላሉ። ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደየስ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ስብሰባ ጠሩ። ድንኳን ይተከል ወይስ አይተከል? ደንቡ አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ይላል፤ ፊልም አይልም። ብዙ ተከራክረው ድንኳኑ ይቅር፣ አግዳሚዎቹ ግን ይውጡ አሉ። አግዳሚ ላይ ማንም ይቀመጣል።

እኔ አማቴን ለብቻቸው ይዤ አስረዳኋቸው። ሴትዮዋ ተዋናይ ናት አልኳቸው። ደመወዟን ትቀበላለች። እሳቱ ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ነው፣ እሷ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ቤቷ ገብታለች። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

"እሷማ ቤቷ ትግባ፤ እሰየው" አሉኝ። "እኔ የተቀመጥኩት ለእሷ መሰለህ? ለእናትየዋ ነው።"

ፊልሙን የሠራው ሰው ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ደስ አላለኝም።

ህንድን የሚያስተባብል ህንድ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰፈራችን ተከራይቶ የሚኖር ሚስተር ቶማስ የሚባል ህንዳዊ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በበጋም ጥቁር ጃንጥላ የማይለየው። አማርኛ የተማረው ከተማሪዎቹ ነው። ስለዚህ አመመኝ፣ ረሳሁት፣ ደብተሬ ቤት ቀረ የሚሉትን አጣርቶ ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይቸግረዋል። ሄጄ ለመንኩት። አማቴ ቤት መጥተው ሴትዮዋ አልሞተችም ብለው ይመስክሩልኝ አልኩት። እሱ የደቡብ ሰው፣ ያውም ክርስቲያን እንደሆነ፣ የፊልሙ ቋንቋ የሰሜን እንደሆነ፣ የህንድ ፊልም ሲያይ እንደ እኛው በግምት እንደሚያይ ነገረኝ። ግድ የለም፣ ከእርስዎ የምፈልገው መልክዎን ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና እሺ አለ።

ሰው ቤት ሲጠሩ አለባበስ ማሳመር ደንብ ነው ብሎ በማግሥቱ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ጥቁር ከረባት አስሮ መጣ። ሲመጣ አይቼው ልቤ ፈርቶ ነበር፤ ግን ከረባት አውልቅ ይባላል?

በለቅሶ ቤት የሟች ዘመድ ከሩቅ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የበረደው ለቅሶ እንደ አዲስ ይነሣል። ሴቶቹ በሩ ላይ ጥቁር የለበሰ ህንዳዊ ሲያዩ ተነሡ። አንዷ ወገኗ ደረሰላት ብላ ደረቷን መታች። ሌላዋ ተቀበለቻት። እኔ ቆዩ፣ ምስክር ነው እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ሚስተር ቶማስ ጃንጥላውን አቅፎ መሐል ቤት ቆመ። አማቴ ተነሥተው ሁለት እጁን ያዙት።

"እግዜር ያጥናዎ" አሉት። "እናት ናት፤ ከባድ ነው።"

አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አማቴን አያቸው። 

"እንዴት ሰሙ?" አላቸው።

ለካ ሰውየው እናቱ ሞታበት ኖሯል። ባለፈው ክረምት ነው። እሱ እዚህ ክፍልፋይ ሲያስተምር እሷ እዚያ ሞታ ተቀብራለች። ለማንም አልተናገረም። በሰው አገር ለማን ይናገር?

 አማቴ እጁን አልለቀቁም።

"መርዶውን ማን ነገረህ?" አሉት። አንተ ማለት ጀምረዋል።

"ፖስተኛ" አለ ሚስተር ቶማስ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይሄዳል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው አያጣም። ይሄ ሰው ግን በር ላይ ቆሞ ተቀብሎ፣ በሩን ዘግቶ፣ በማግሥቱ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሟል። በየቀኑ በደጃችን ሲያልፍ ደህና አደሩ ብለነዋል፤ እሱም ደህና ብሎናል። 

"ውይ ልጄን!" አሉ አማቴ፤ አቀፉት። ያን ጊዜ ሚስተር ቶማስ አለቀሰ። ወራት ያቆየውን ነው ያለቀሰው። ቅድም ስለ ፊልሟ ሴትዮ ደረታቸውን የመቱት ሴቶች አሁን ድምፅ ሳያሰሙ እንባቸውን ያብሱ ነበር። እኔ ጃንጥላውን ተቀበልኩት፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

አቶ ወልደየስ ከአግዳሚው ብድግ ብለው ድንኳኑ ይውጣ አሉ። እናት ደንቡ ላይ አለች። አባል አይደለም እኮ ያለ አንድ ሰው ነበር፤ አቶ ወልደየስ ዞረው ሲያዩት ካስማ ሊያመጣ ሄደ።

እኔም ሙሽራ ነኝና ትንሽ ቆይቼ ወደ አማቴ ጠጋ አልኩ። እማማ፣ ሠርጉስ አልኳቸው።

"አንተ ከፋሲካ በኋላም ታገባለህ" አሉኝ። "የእሱ እናት ግን ሁለተኛ አትሞትለትም።"

 የፊልሟስ ሴትዮ አልኳቸው፣ እንዲያው ለነገሩ። አብረው ይለቀስላቸዋል አሉኝ፤ የአንድ አገር ሰዎች አይደሉ?

ድንኳኑ ተተከለ። አሰገደች ንፍሮ ታዞራለች፣ እኔ በር ላይ ሰው አስገባለሁ። በመካከላችን የሚያልፈው ለቀስተኛ ብዙ ስለሆነ የምንተያየው አልፎ አልፎ ነው። ሚስተር ቶማስ ፍራሽ ላይ ከአማቴ ጎን ተቀምጧል። ለመጣው ሁሉ ልጄ ነው፣ እናቱ ሞታበት ነው ይላሉ። እሱም ራሱን ዝቅ እያደረገ ይቀበላል።

አንድ ከታች ሰፈር የመጡ ሽማግሌ አጠገቤ ቁጭ አሉና ቀስ ብለው ሟች ከየት ናቸው አሉኝ። ከህንድ አልኳቸው። ንፍሯቸውን አላመጡ።

"አንተስ ለሟች ምናቸው ነህ?" አሉኝ።

አሰብኩት። ሚስተር ቶማስ የአማቴ ልጅ ከሆነ የአሰገደች ወንድም ነው ማለት ነው።

"አማች ነኝ" አልኳቸው።

"እግዜር ያጥናህ ልጄ" አሉኝ። "ሳልሰማ ቀርቼ ነው፤ ሠርጉ መቼ ነበር?"

"ከፋሲካ በኋላ ነው" አልኳቸው።