ምክር ቤቱ የተራበ ዕለት

ትናንት ሕልም አየሁ። ሰሞኑን እንኳን ሕልም እንቅልፍም በዓይኔ አልዞረም ነበር፤ ግን አየሁ።

ዘርፌ እባላለሁ፤ የጉልት አምባ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሦስት መቶ ልጅ ቁርስ ስናበላ ኖረን፣ ረጂው ድርጅት ጥር ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምድጃችን ቀዝቅዟል፤ ልጆቹ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስክ ላይ ድፍት ይላሉ። እኔና መምህር ውባንተም ምግቡ በክልሉ በጀት እንዲያዝ፣ ባቄላውና ሽንኩርቱም ከእኛው ገበሬ እንዲገዛ የክልሉን ምክር ቤት ለመጠየቅ ተነሳን።

በሕልሜ ምክር ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። ጥበቃው እጆቹን ዘርግቶ ቆመና «ይፈትሹኝ፣ እናቴ» አለኝ። ፈተሽኩት። ኪሱ ውስጥ ግማሽ ዳቦ አገኘሁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቁርሴ ነው። ለልጆቹ ይድረስልኝ።»

«ግባ» አልኩት፤ ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ኃላፊዎቹ ከረባታቸውን አስረው፣ ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል። የሚጠብቁት እኔን ነው። ከሁሉም ፊት የበጀት ኃላፊው ጆንያ ተሸክሞ ያልበዋል።

«እትዬ ዘርፌ፣ እባክዎ ይህን በጀት ይቀበሉኝ። ከጥር ጀምሮ እየተመላለስኩ ነው።»

«ማመልከቻ አለህ?»

«አለኝ።»

«ማኅተም የለውም። ነገ ና።»

አንደበቴ እኔኑ አስደነገጠኝ። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኛል! ጆንያው ውስጥ የነበሩት ሽንኩርቶች ሰውየውን እያዩ ያለቅሱ ጀመር። አንጀቴን በሉትና «በል ግባ» አልኩት።

በሩን ስከፍተው አዳራሹ የእኛው አንደኛ ክፍል ሆኖ ቆየኝ። የምክር ቤቱ አባላት ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተጨናንቀዋል። አፈ ጉባኤዋ ተማሪያችን ትብለጥ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ጠረጴዛውን በጭልፋ መታች።

«ዛሬ ቁርስ የበላ ሰው ስለ ረሃብ መናገር አይችልም!»

አንድ ወፍራም አባል ብቻ እጁን አወጣ።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ እኔ አልበላሁም። ግን ጥያቄዬን ረሳሁት።»

«ሰባት ሲደመር አምስት ስንት ነው?»

«እሱንም ረሳሁት» አለና ዴስኩ ላይ ተደፍቶ አንቀላፋ።

ልቀሰቅሰው ስል ትብለጥ ከለከለችኝ። «ይተዉት፣ እትዬ ዘርፌ። ሰነፍ አይደለም።»

ከዚያ «ድምፅ እንስጥ» አለች። እጁን ያወጣ አልነበረም። የአንዱ ሆድ ጮኸ፤ የጎረቤቱም ተከተለ፤ ወዲያው አዳራሹ እንዳለ እንደ ክረምት ወንዝ ይጮህ ጀመር። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ፍየል ጆሮዋን ቀስራ አዳመጠችና ጻፈች።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

ገበሬዎች በመስኮት ባቄላ በቁና ያወርዱ ጀመር። ትብለጥ ከወንበሯ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም እልል አልኩ። እልልታዬን ሳልጨርስ ግን አንድ ሰው ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

«እትዬ ዘርፌ! እንቅልፍ ወሰደዎት እኮ!»

መምህር ውባንተ ነው። የምክር ቤቱ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ነን፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደተቀመጥን።

«ተራችን ደረሰ?»

«አልደረሰም። አባላቱ ለምሳ ወጡ።»

ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ። «ወዴት ነው?» አለኝ። የምክር ቤቱን የመመገቢያ አዳራሽ በር ገፋ አድርጌ ገባሁ። ሁሉም ከሳህናቸው ቀና አሉና እንደ ወጉ፦

«እንብላ!» አሉኝ።

«እሱን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።