አያ መኳንንት በብስክሌት ወደ ገላባት

ሜዳ እንደሚያደክም የነገረኝ አያ መኳንንት ነው። እኔ ጎንደር ከተማ ያደግሁ ነኝና ድካም የዳገት ሥራ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባ ጀምሮ ወገቤን፣ ጉልበቴን ማለት ነው። ያን ሁሉ ገደል ስትወጣ ስትወርድ ኖረህ ሜዳ ያደክምሃል? ስለው፣ «ዳገት ሲሆን የት እንደምታርፍ ይታይሃል። እዚህ ምኑ ይታያል?» አለኝ። እውነቱን ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ማሽላና ሰሊጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያም ማሽላና ሰሊጥ ነው። ከከተማው ዳር ያለችውን ጉብታ የአገሩ ሰው «ጀበል» ይላታል። ተራራ ማለታቸው እንደሆነ ስነግረው እንደ ተሰደበ ሰው ተቆጣ።

ምን ያድርግ፣ የስሜን ሰው ነው። በንጉሡ ዘመን ፈረንጆች ተራራ ሊወጡ ሲመጡ ጓዛቸውን በበቅሎ ጭኖ መንገድ ይመራቸው ነበር። ፈረንጅ ምን ፈልጎ ተራራ እንደሚወጣ ግን አልገባውም። «የጠፋበት ከብት የለ፣ የሚደርስበት ለቅሶ የለ፤ ጫፍ ይወጣል፣ ያያል፣ ይወርዳል» ይለኝ ነበር። ኋላ ደርግ መጣ። ተራራው ጦር ገባበት፤ ፈረንጁም ቀረ። ለፈረንጅ መንገድ ያሳየ ለሽፍታም ያሳያል ተባለና ሊያስሩት ሲፈልጉት፣ ሚስቱን እናኑን እናቱ ዘንድ ትቶ በመተማ በኩል ወጣ። በእግሩ። ሌላ በምን ይወጣል?

ገዳሪፍ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እኔ ዐም እድሪስ የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ዘንድ ብስክሌት እጠግናለሁ፤ እሱ በመከር ሰሊጥ ያጭዳል፣ በክረምት ጆንያ ይሸከማል።

አንድ መስከረም ከድንበሩ ከተማ ከገላባት የመጣች ነጋዴ ወሬ አመጣችለት። እናኑ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ተነሥታለች፤ ሰሞኑን ገላባት ትገባለች። ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በመኪና እንዳይሄድ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሎሪዎቹ እንደ ታመመች ላም በየቦታው ተኝተዋል። በእግሩ እንዳይሄድ፣ ቀድማው ደርሳ የሚቀበላት ሰው ብታጣስ? ያ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ብስክሌት አስተምረኝ አለኝ።

ብስክሌቷን እንደ በቅሎ ነበር የሚያያት። ከመውጣቱ በፊት አንገቷን ያሻል። ልትወድቅ ስትል ደግሞ ፍሬኑን እንደ መያዝ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ይላታል። አንድ ቀን የሽንኩርት ሻጭ መደብ ላይ ይዛው ወጣች። ሴትየዋ ሽንኩርቷን እየለቀመች በዐረብኛ ስታወርድበት፣ እሱ ልብሱን እያራገፈ «ገና አልለመደችኝም» አለ። ዐም እድሪስ ሥቀው ሥቀው ጥምጥማቸው ተፈታ። ሲበርድላቸው፣ በዚህ ዕድሜው ለምን እንደሚማር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሁለት ደህና ብስክሌት መረጡልን። የአንዷን የኋላ መቀመጫ በጨርቅ ጠቅልለው ለስላሳ አደረጉት፤ እናኑ የምትቀመጥበት ነው። ይዛችኋት ኑ አሉን።

ወጣን። እኩሌታውን መንገድ ብስክሌቶቹ እኛን ተሸከሙ፤ እኩሌታውን እኛ እነሱን። ዶካ የሚሏትን ከተማ አልፈን ወደ ገላባት ስንጠጋ መሬቱ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ኮረብታ ታየ። አያ መኳንንት መልኩ ተመለሰ። ዳገቱን እያንጎራጎረ ወጣው። ቁልቁለት ሲሆን ግን ወርዶ ይጎትታታል። ምነው? ስለው፣ «ቁልቁለት ላይ የሚጋልብ ጨካኝ ነው፤ ትከሻዋን ይሰብረዋል» አለኝ። ስለ ብስክሌት ነው እንግዲህ የምናወራው።

ገላባት አብረዋት የተነሡትን ሴቶች አገኘን። እሷ የለችም። ሌሎቹ በጫካ ሲያልፉ እሷን መተማ ኬላ ላይ ይዘዋታል። ወደ አገሯ የሚመልሳት መኪና እስኪመጣ እዚያው እንዳለች፣ ጠዋት ጠዋትም የተያዙትን ሴቶች ውኃ ሊያስቀዱ ወደ ወንዙ እንደሚያወርዷቸው ነገሩን። ገላባትንና መተማን የሚለየው እኮ አንድ ጠባብ ወንዝ ነው። ድንጋይ ብትወረውሩ ይሻገራል። አያ መኳንንት ግን ከተሻገረ አይመለስም።

ጠዋት ገላባት ያለው ጉብታ ላይ ወጣን። በወዲያኛው ቁልቁለት ሴቶች ጀሪካን ይዘው ወረዱ። ፊታቸው አይለይም።

«ያቺ ናት» አለኝ፤ «በአግድም የምትወርደው። የሜዳ ሴት እንደዚያ አትወርድም።»

እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ በአገሩ ከገደል ማዶ እንደሚጣሩት ስሟን አስረዝሞ ተጣራ። ሴትየዋ ጀሪካኗን አስቀመጠች።

ምን ተባባሉ ትሉኝ ይሆናል። ስንት ዘመን ተለያይተው የኖሩ ባልና ሚስት፣ መካከላቸው ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሞ፣ ምን ይባባላሉ?

«በቅሎዋ ደህና ናት?» አላት።

«ሸጥናት።»

«እናቴስ?»

«ዓይናቸው ደከመ እንጂ ደህና ናቸው።»

«እርስዎ ግን ከስተዋል» አለችው። ከዚያ ርቀት መክሳት ቀርቶ የማን ፊት እንደሆነም አይለይ።

«ወፍሬያለሁ፤ አታልቅሺ» አላት።

ጠባቂው ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ቆመላቸው። ከላይ ፊሽካ ሲነፋ ግን ሴቶቹን ነዳቸው። እናኑ ጀሪካኗን አዝላ ዳገቱን ወጣች፤ ዞር ብላ አላየችም። ሸክም ይዞ ዳገት ላይ መዞር እንደማይቻል አያ መኳንንት አስረዳኝ። እኔ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ስንወጣ ሴቶቹ የሉም። መኪናው ወስዷቸዋል። ወደ ገዳሪፍ ስንመለስ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም አልለየውም፤ ዝም ብሎ ነዳ።

እናኑ አገሯ መግባቷን ሰማን። በዓመቱ ደግሞ ታማ ማረፏን ሰማን። ሰሌን አንጥፈን ለቅሶ ተቀመጥን። ዐም እድሪስ መጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉና አንድ ቃል ሳይጨምሩ ከጎኑ ዋሉ። እኛ የአገሩ ልጆች ግን ዝም ማለት የት እናውቃለን? አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑት፣ «አይዞህ ልጄ፣ ተራራና ተራራ አይገናኝም እንጂ ሰውና ሰው በሰማይም ቢሆን ይገናኛል» አሉት።

አያ መኳንንት ካቀረቀረበት ቀና አለ።

«አባቴ፣ ይህን የተረተ ሰው ገላባትን አላየም» አላቸው። «የወዲህ ጉብታና የወዲያ ጉብታ እግራቸውን አንድ ወንዝ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ያልተገናኘነው እኛ ነን።»