ሳይሞላ የማይነሳ መንኮራኩር

«የሞተ ሰው አይከራከርም!» አለ ቢኒ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ።

«ማን ሞተ?»

«አንተ!»

«እኔ?! እኔማ ይኸው ዳቦ እየበላሁ!»

«አንተ ትበላለህ። ሃምሳ አለቃ ነበልባል ግን ሞቷል። ነፍስ ይማር ብለናል። ቀጥል ሙሌ!»

«ማንም አይቀጥልም! መጀመሪያ ሬሳዬን አሳዩኝ!»

አያችሁልኝ? እንደ ሞተ ሰው መብቱ የሚገፈፍ ፍጡር የለም! በሕይወት ያለን ሰው ቢሰድቡት መልስ ይሰጣል። የሞተ ሰው ግን «ነፍስ ይማር» ሲሉት እንኳ «ኧረ ቆዩ፣ አለሁ» የሚልበት መድረክ የለውም። እኔ ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ እነ ቢኒ ግቢ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት ሞቼ ይህን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ፤ አለዚያ «ይህ ልጅ ምን ነክቶት ነው?» ብላችሁ ጸበል ልትወስዱኝ ነው።

ቢኒ ማዞሪያው ጋ ሞባይል የሚጠግን ጓደኛዬ ነው። ሞባይል ሲጠግን ኢንተርኔት ላይ አንድ የምናብ ጨዋታ አገኘ። ሰሌዳ የለው፣ ስክሪን የለው… ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። እሱ አጫዋች ይሆንና «አንድ ፕላኔት ላይ ናችሁ፤ ጠላት እየመጣ ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እኛ ወታደሮች ሆነን «እተኩሳለሁ» ወይም «እሮጣለሁ» እንላለን። ተሳካ አልተሳካም የሚለውን ከሉዶ የተዋስናት ዳይስ ትወስናለች። ሙሌ ይህን ሲሰማ፣ «ኧረ ይሄንንማ ከተወለድን ጀምሮ ስንጫወተው ነው የኖርነው! ዳይሷ ብቻ ናት አዲስ» ብሎ ወዲያው ተመዘገበ።

በጨዋታው ዓለም ግዙፎቹ መንኮራኩሮች የባሕር ኃይሉ ናቸው። በህዋ ላይ ምን ባሕር አለ? ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል ብርቅ የሚሆንባችሁ አይመስለኝም። እግረኛው ጦር ደግሞ የራሱ ትንንሽ መንኮራኩሮች አሉት። ወታደሩን ከግዙፉ መንኮራኩር ተቀብለው ፕላኔቱ ላይ ያራግፉታል፤ ውጊያው ሲያልቅ የተረፈውን ለቅመው ይመልሱታል። እኛ የነዚህ ሠራተኞች ነን። በኮልፌ ቋንቋ ልንገራችሁ? ባሕር ኃይሉ የከተማ አውቶቡስ ነው፤ እኛ ሚኒባስ ነን።

ይህን ምሳሌ ያመጣው ሙሌ ነው። ሙሌ በእውነተኛው ዓለም ከ18 ማዞሪያ አየር ጤና ሚኒባስ ይነዳል። ቢኒ የመንኮራኩሩ አብራሪ አድርጎ ሲሾመው የመጀመሪያ ጥያቄው ምን መሰላችሁ?

«ስንት ሰው ይጭናል?»

«አሥራ ሁለት።»

«ትርፍስ?»

«ትርፍ የለም! ህዋ እኮ ነው!»

«ህዋ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ትርፍ አለ!»

መንኮራኩራችንን «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብለን ሰየምናት። አዛዣችን ሻምበል ሃና ናት። ሃና ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ዘማሪ ስለሆነች ዳይስ ከመወርወሯ በፊት ዓይኗን ጨፍና ትጸልይባታለች። ቢኒ «ጸሎት በደንቡ የለም» ሲላት «ባንተ ደንብ ነው የሌለው» ትለዋለች። ፕላኔት ላይ ስናርፍ «ውረዱ!» ብላ ማዘዝ ያለባት እሷ ነበረች። ግን የኛ ጦር ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ራሱ «ወራጅ አለ!» ይላል።

እኔስ? የጨዋታ ስሜ ሃምሳ አለቃ ነበልባል ነው። በደንቡ ላይ «የበር ኃላፊ» የሚባል ሹመት ነበር። «ወያላ ነዋ!» አለ ሙሌ፣ አለቀ። እኔም ቅር አላለኝም። ምክንያቱም በሩ ላይ ቆሜ፣ ከመነሳታችን በፊት፣ ለጦሩ ግጥም አነባለሁ።

እዚህ ላይ አትሳቁብኝ። ግጥሜን ጋዜጣ አይቀበለኝም። የግጥም ምሽት ላይ ተራዬ ሊደርስ ሲል መብራት ይጠፋል። እናቴ እንኳ «በኋላ» ትለኛለች፤ ያ በኋላ እስካሁን አልመጣም። ግጥሜን ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ በዚህ ዓለም አንድ ጦር ብቻ ነው፤ እሱም ከዚህ ዓለም ውጭ ያለ።

አሁን የሞቴ ክብደት ገባችሁ? የሰርቪሷ ደንብ «የሞተ ይወጣል» ይላል። ዱሮ አንድ ሟች ጥግ ተቀምጦ የጠላትን ቦታ በጥቅሻ ሲጠቁም ተይዞ ነው የወጣው። አዲስ ወታደር ሆኖ መመለስ የሚቻለው ደግሞ ጦርነቱ ሲያልቅ ነው። ጦርነት… መቼ ነው የሚያልቀው?

የዕለቱ ግዳጅ ቀላል ነበር። አየር ከሌለው፣ እሳተ ገሞራ ከሚተፋ ፕላኔት ላይ ጓዶቻችንን ጭኖ መውጣት። ጫንን። ቢኒ «ሮኬት እየመጣባችሁ ነው!» አለ።

«ስንት ሰው ገባ?» አለኝ ሙሌ።

«አሥራ አንድ።»

«አንድ ይቀራል። ጥራ!»

«ሮኬት እየመጣ ነው እኮ!» ጮኸች ሃና፤ «ሻምበል ነኝ፤ ተነሳ ብዬ አዝዣለሁ!»

«ሻምበል፣ እኔ ባዶ ወንበር ይዤ ተነስቼ አላውቅም። ሮኬቱም ተራውን ይጠብቅ!»

እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ እጣራለሁ፦ «አንድ ሰው! የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!»

ቢኒ በረጅሙ ተነፈሰና፣ «ከጭሱ ውስጥ አንድ ወታደር እየሮጠ ይመጣል» አለ። «ከየት ወገን ነው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። እስቲ እናንተ ፍረዱ… አየር ጤና ላይ እየሮጠ የመጣን ተሳፋሪ «ከየት ወገን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወያላ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ግባ ወንድሜ! መጨረሻ ወንበር! ጠጋ በሉለት!» አልኩ፣ ከበሩ ወርጄ እያሳለፍኩት።

ቢኒ ትክ ብሎ አየኝ። «የጫንከው ጠላት ነው» አለ። «ሦስት ዓይን አለው።»

«በቃ ሞላ!» አለ ሙሌ።

የመንኮራኩሯን ጣሪያ መታ መታ አደረግሁና «ሳበው!» አልኩ። ከዚያም እንደ ልማዴ፦

«ሰማይ ጠቀስ ሆኜ ከምድር ስነሳ፣
ኮልፌን አየኋት ከጨረቃ አንሳ…»

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ተነሳች። እኔ መሬት ላይ ነበርኩ።

«ችግር የለም፣ እየሮጥኩ እይዛታለሁ» አልኩ።

«መንኮራኩር እየሮጡ አይያዝም!» አለ ቢኒ።

«ምን ማለትህ ነው? በሩ ክፍት ነው፣ እዘላለሁ! የዘወትር ሥራዬ እኮ ነው!»

ዳይስ ተወረወረች። አንድ። ከአንድ በታች ቁጥር ስለሌላት ነው እንጂ ትወርድ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ለጠላት ወንበር ፈልጌ የራሴን አጣሁ። ቢኒ «ሞተሃል» ያለኝ፣ እኔም «ሬሳዬን አሳዩኝ» ያልኩት ይኼኔ ነው።

በሩ ተከፈተ። የቢኒ እናት፣ እትዬ አሰለፈች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። እትዬ የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። «ሞተ» የሚል ቃል በሦስት ግድግዳ አልፎ ይሰማቸዋል።

«ማነው የሞተው?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አልኩ ብድግ ብዬ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «መቼ?»

«አሁን ነው።»

«ታመህ ነበር?»

«የለም፤ ከመንኮራኩር ቀርቼ ነው።»

ሌላ እናት ብትሆን ትስቅ ነበር። እትዬ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ለሳቸው ሞት ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። «ከሞቱ አሟሟቱ» አሉ። «ሾፌሩ ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ» አለ ሙሌ አንገቱን ደፍቶ።

«ሰው ወርዶ እንደቀረ አላየህም?»

ሙሌ ወደ ቢኒ አየ። ወደ ሃና አየ። ወደ እኔ አላየም።

«በስፖኪዮ አይቼዋለሁ እትዬ።»

ኧረ በሕግ አምላክ!

«አይተኸኝ ነው የሄድከው?!»

«አየሁህ። እጅህን ዘርግተህ ነበር።»

«እንድትይዘኝ ነዋ!»

«አይደለም። ልትገጥም ነው። ያንተን እጅ አውቀዋለሁ። ሁለት ስንኝ ቢሆን እኮ እጠብቅህ ነበር። ‹ክፍል አንድ› አልክ!»

እውነት ነው፤ ከላይ ስተርክላችሁ ይቺን ቃል ዘልያታለሁ። ግጥሙ ረዘም ይላል።

«እኔም ‹ሂድ› ብዬዋለሁ» አለች ሃና በቀስታ። «ባለፈው ስንኝህ እስኪያልቅ ነዳጃችን አልቆ አልነበር?»

እትዬ እጃቸውን አነሱ። «ያ ጠላት ያላችሁት ልጅ የት ነው ያለው?»

«መጨረሻ ወንበር።»

«እህል ቀመሰ?»

«እትዬ፣ ጠላት እኮ ነው!»

«ጠርታችሁ፣ ጠጋ ብላችሁ አስገብታችሁ የምን ጠላት? እንግዳ ነው። ከወንበሩ እንዳታስነሱት!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ልጄ፣ ሞተሃል። እድሩ ይቀብርሃል። ከሞት ማስነሳት ግን ደንባችን ውስጥ የለም።»

ተፈረደብኝ። ይግባኝ የሚባልበት ቦታ ደግሞ ሰማይ ነው፤ እዚያ ያለው ጦር ደግሞ ይኸው ጥሎኝ ሄዷል።

ሃና አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «ለምን እንግዳውን አይሆንም?» አለች። «ሦስት ዓይን ያለውን። ጠረጴዛው ላይ ይቆይልን።»

ልቤ ዘለለ! «እሆናለሁ! አሁኑኑ! እንዲያውም ለመግቢያዬ የሚሆን አንድ ስንኝ—»

«አፍ የላቸውም» አለ ቢኒ።

«እነማን?»

«ጠላቶቹ። ደንቡ ላይ አለ። የሚግባቡት በግንባራቸው ብርሃን ነው።»

ምን ላድርግ? የሞባይሌን ባትሪ አበራሁና ግንባሬ ላይ አድርጌ «ሰማይ ጠቀስ ሆኜ»ን ብልጭ ድርግም እያልኩ ገጠምኩት። በሁሉም ቤት ደፋሁ፣ በሁሉም ቤት መታሁ። ከልቤ ነበር።

ሙሌ ዓይኑን በእጁ ጋርዶ፣ «ፍሬቻ ነው እንዴ? በየት በኩል ልትታጠፍ ነው?» አለ።

«ይሄኛው ጨዋ ነው» አሉ እትዬ። «ድምፁ አይሰማም። እናቱ ታድላ!»

ክፍሉን ቃኘሁት። ሃና ፈገግ ብላለች። ሙሌ ተደላድሎ ተቀምጧል። ቢኒ ዳይሷን በእጁ ይዞ፣ «በቃ ተስማማን። ቁጭ በል፤ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ አብረኸን ነህ። ባትሪህን ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው» አለኝ። በዚያች ሰርቪስ ውስጥ ጦሬን እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ወንበሬን አየሁት። ሞባይሌን አየሁት። አፌ ከሚዘጋ በሩ ይዘጋ!

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

የሙሌ ቀኝ እግር ሳያስበው ወለሉን ረገጠ… ፍሬን ሲይዝ። ጃኬቴን አነሳሁ፤ የተረፈችውን ዳቦ ኪሴ ከተትኩ። ደጃፉ ላይ ደርሼ ዞር አልኩና እጄን ዘረጋሁ፦

«ክፍል ሁለት—»

«ሳበው!» አለ ጦሩ በአንድ ድምፅ፤ እትዬ አሰለፈች ጭምር።

ወጣሁ። የቆርቆሮውን በር እጀታ ጨበጥኩ። ከውስጥ የሙሌ ድምፅ፣ «ቀስ! በሩን ቀስ!» እያለ ነበር።

ጓ!