«ቶሎ ይምጡ» የሚለው ፖስተር እንዴት እንደተሠራ

የእናቶች ጤና ጣቢያችን ሥርዓት ያለው ቤት ነው። እኔ ከርቲስ ስድስት ዓመት በሩን ስጠብቅ ሥርዓት ሲጓደል አላየሁም፤ ሰው ሲጓደል ግን አይቻለሁ። የሰፈራችን ሁለት ማዋለጃዎች ከተዘጉ ወዲህ ለነፍሰ ጡር የቀረው በር ይኸው የእኔ በር ነው። ብቸኛ በር ደግሞ እንደ ተራ በር ወለል ተደርጎ አይከፈትም።

ሻቮን የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ጥግ ላይ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። በስድስተኛ ሳምንቷ መጣች። እንግዳ ተቀባይዋ ሎርና በፈገግታ አስተናገደቻት።

«እርጉዝ መሆንሽን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት አለሽ?»

«የት ነው የሚሰጠው፣ ሚስ ሎርና?»

«እዚሁ።»

«ታዲያ ስጡኛ!»

«ለመግባት ወረቀቱ ያስፈልጋላ፣ የኔ እህት። ደግሞ ምን አስቸኮለሽ? ሆድሽ እንኳ ገና አልታየም።»

ሻቮን ሁለት አውቶቡስ እየቀየረች፣ ከከተማው ማዶ ወረቀቱን አምጥታ ወረፋ ያዘች። ወረፋው ሲደርሳት ሠላሳኛ ሳምንቷ ላይ ነበረች።

«ከሃያ ስምንት ሳምንት በላይ አዲስ ታካሚ አንቀበልም» አለቻት ሎርና። «ምነው እስካሁን ዝም አልሽ?»

ሻቮን እጇን ዘረጋች። «እስቲ እዩት፣ ጣቴ አብጧል። ራሴን ይፈልጠኛል፤ ዓይኔም ብዥ ይልብኛል። የደም ግፊቴን ብቻ ለኩልኝ። ታላቅ እህቴ ልክ እንዲህ ሆና ነው የሞተችው።»

ሎርና ደንቡን ገለጠችላት። እኔም በትሕትና እንድሸኛት ታዘዝኩ።

ሻቮን ወረፋ ስትጠብቅ በከረመችባቸው ወራት የበላይ አካል «የሰፈሩ ሴቶች ለምን ቶሎ አይመጡም?» ብሎ ጠይቆ ነበርና ኮሚቴ ተቋቁሟል። ኮሚቴው ሦስት ወር ሙሉ ሳንድዊች እየበላ መርምሮ፣ ሴቶቹ ቶሎ የመምጣትን ጥቅም እንደማያውቁ ደረሰበት። ሴቶቹን መጠየቅ አላስፈለገም፤ ቢጠየቁ ከርዕስ ይወጡ ነበር። መፍትሔው ትልቅ ፖስተር እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ሻቮንን ክንዷን ይዤ ስሸኝ ዳይሬክተሩ ሚስተር ፕሬንቲስ ከቢሮው ብቅ አለና ክው ብሎ ቀረ።

«ይህች ፊት! ስንፈልጋት የከረምነው ይህችን ፊት ነው! እመቤቴ፣ ማኅበረሰብዎን ማገልገል ይፈልጋሉ?»

«ግፊቴን ትለኩልኛላችሁ?»

«በፎቶው ላይ? እንዴታ!»

እውነተኞቹ የምርመራ ክፍሎች ስለተያዙ፣ ከጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ በአንድ ጠዋት አዲስ ክፍል ተሠራ። አልጋው፣ መጋረጃው፣ የካርቶን ቁም ሳጥኑ አንድም የጎደለው የለም። እውነቱን ለመናገር ውስጥ ካሉት ክፍሎች ይልቅ ያምር ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት መጥታ መለኪያውን በሻቮን ክንድ ላይ ጠቀለለች።

«ስንት አለ?» አለች ሻቮን።

«እኔ ተዋናይ ነኝ፣ ቆንጆ። ሆድሽን እያየሽ ፈገግ በይ።»

ሚስተር ፕሬንቲስ በቤተሰብ ክብር ስለሚያምን ጣቷ ላይ ቀለበት እንዲደረግ አዘዘ። አልገባም። በሳሙና ተሞከረ፤ እምቢ አለ።

«ችግር የለም» አለ ፎቶ አንሺው። «እብጠቱን በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ።»

ሐኪም በሌለበት፣ ያለ አንዲት ክኒን እብጠት የሚያጠፋ ጤና ጣቢያ ከእኛ ሌላ የት ይገኛል?

ለፎቶው ፊቷን ልታስውብ የመጣችው ዴሊላ የእኛው ሰፈር ልጅ ናት። የሻቮንን አገጭ ይዛ አየቻትና ብሩሿን አስቀመጠች።

«ይሄ ፊት የሚፈልገው ሐኪም ነው። ከርቲስ፣ መኪናህ የታለች?»

«ፈረቃዬ አላለቀም» አልኳት። ይህን ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ፈረቃህን ብላው! ተነስ!»

ሻቮንን ደግፈን ስናስነሳ ሚስተር ፕሬንቲስ ተከተለን። «አንድ ፈገግታ ብቻ! አንዲት!» ሻቮን ጨዋ ናትና ዞር ብላ ፈገግ አለችለት። ፖስተሩ ላይ የወጣው ያ ፈገግታ ነው።

ከከተማው ማዶ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ግፊቷን የለካችው ነርስ ሮጣ ነው ሐኪም የጠራችው። ከሰዓት በኋላ በቀዶ ጥገና ሦስት ፓውንድ የማትሞላ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አምስት ሳምንት በማሞቂያ ውስጥ ቆየች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። ሁለቱም ተረፉ።

ፖስተሩ በራችን ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተለጠፈ። የሻቮን ጣቶች እንደ መቃ ቀጥነዋል፤ ቀለበቱም አለ። ከሥሩ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ቶሎ ይምጡ!» ይላል። ሚስተር ፕሬንቲስ ሽልማት ሲቀበል «ይህች እናት ቶሎ በመምጣቷ ለሁሉም አርአያ ሆናለች» ብሎ ተናገረ። ተጨበጨበ።

ባለፈው ማክሰኞ ሻቮን ልጇን ደረቷ ላይ አስራ፣ ከወሊድ በኋላ ለሚደረገው ምርመራ ቀጠሮ ልትጠይቅ መጣች። ፌርማታው ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ፖስተሩን አየች፣ ሻቮንን አየች፣ ከዚያ እጅጌዋን ይዛ ጎተተቻት።

«አንቺ ነሽ አይደል? በናትሽ እህቴ፣ በማን በኩል ነው የገባሽው? እኔ አራት ወር ሙሉ ስደውል!»

«እኔስ መቼ ገባሁ?» አለች ሻቮን። «ውጭ ነው የለጠፉኝ።»