ሕዝቡ ሲሞቅ ይወረዳል

የኪነ ጥበብን ሥራ እንደ ሩዝ ማሳ ውኃ በቦይ ለመምራት ከወጡት ደንቦች ሁሉ፣ የዚያ ዓመት የሙዚቃ ዝግጅት ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ያጸደቀው ባለ አንድ አንቀጽ መመሪያ የክብር ስፍራ ይገባዋል። አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ «የማሟሟቂያ ቡድን ተግባር ሕዝቡን ማሟሟቅ ስለሆነ፣ የሕዝቡ መሞቅ በጭብጨባ ወይም በእልልታ እንደተረጋገጠ ቡድኑ ወዲያውኑ ከመድረክ ይወርዳል።» እንዲህ ያለውን አንቀጽ ለመጻፍ ትምህርት ብቻውን አይበቃም።

መሰንቆ መቺው አዛናው ዛሬ በየሠርጉ ሲጫወት እንኳ ያን አንቀጽ በቃሉ ይወጣዋል። በዚያ ዓመት እሱና ከበሮ መቺው አንለይ ከአንድ ስመ ጥር ዘፋኝ በፊት መድረክ እየወጡ ሕዝቡን ሊያሟሙቁ ሦስት ከተማ ዞረዋል። አዛናው የያዘው አንድ ዘፈን ነበር፤ አምስት አንጓ ያለው። በአምስተኛው አንጓ የእናቱ የወይዘሮ ውባንቺ ስም ይነሣል። እናቱ ይህን አያውቁም፤ በጆሯቸው እስኪሰሙት ድረስ ለማንም እንዳይነገር አንለይን አስምሎታል።

አንበሳሜ ላይ ሁለተኛው አንጓ ሳያልቅ ተጨበጨበ፤ ወረዱ። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ገና በመጀመሪያው አንጓ እልልታው ቀለጠ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ በእውቀቱ የሁለቱንም እጅ ጨብጠው፣ «ቀልጣፋ አገልግሎት ማለት ይህ ነው!» ሲሉ አሞገሷቸው።

የቀረው ወረታ ነበር።

«እማዬ ከቁሐር ሚካኤል ትመጣለች» አለ አዛናው።

«ታዲያ ደስ አይልህም?»

«ስሟ ጋ ሳልደርስ ቢጨበጨብስ?»

«አለቀልህ።»

«እንግዲያ እንዳይጨበጨብ አድርገን እንጫወታ!»

«ለዚህስ» አለ አንለይ፣ «ልምምድም አያሻን።»

ግን ተለማመዱ። መሰንቆው ክሩን አላላ፤ ከበሮው ከምቱ እየዘገየ እንዲከተል ተወሰነ፤ አዛናውም ድምፁን እንደ ቃለ ጉባኤ አንባቢ አደረቀው።

ወረታ ላይ ውጤቱ ከታቀደው በላይ ሆነ። በመጀመሪያው አንጓ ሕዝቡ ዝም አለ። በሁለተኛው ስለ ሩዝ መፈልፈያ ወረፋ ያወራ ጀመር። በሦስተኛው አንዱ ከኋላ፣ «ኧረ ይህን ሰውዬ ጠበል ውሰዱት!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ አደባባዩን ሞላው። አቶ በእውቀቱ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው የሕዝቡን ፊት በጥንቃቄ መረመሩ።

«አልሞቀም» አሉ፤ «ይቀጥል።»

አዛናው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን በውርደት ተደስቶ አያውቅም። አራተኛውን አንጓ ጨረሰ። ክሩን ጠበቅ አደረገ፤ የተደበቀውን ድምፁን ሊያወጣ ጉሮሮውን ጠረገ።

ወይዘሮ ውባንቺ ግን እስከዚያ ድረስ የጎረቤቶቻቸውን ሳቅ እንደ ምንም ችለው ተቀምጠው ነበር። ከዚህ በላይ አንጀታቸው አልቻለም። ነጠላቸውን አጥብቀው ተነሡ፦

«እልልልልል! አይዞህ፣ የኔ ጌታ!»

አቶ በእውቀቱ ብድግ አሉ። «ሞቋል! ውረዱ!»

«ጌታዬ፣ እልል ያለው አንድ ሰው እኮ ነው!»

«መመሪያው ቁጥር አይጠቅስም።»

«እናቴ ናት!»

«ዝምድናም አይጠቅስም።»

ወረደ። እናቱ ከመድረኩ ሥር ጠብቀው፣ ግንባሩን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦

«ተመስገን በል፣ ልጄ! እኔ ባልደርስልህ እስከ መጨረሻው ሊያስዘፍኑህ ነበር።»