አረጋውያንን ስለ ማንቃት

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደልም እስታለሁ፤ በተለይ ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ የቱ የት እንደሚገባ ስድስተኛን እስክጨርስ አልገባኝም። እኛ ጂንካ ሐመር ሲባል የምናውቀው ገበያ የሚመጣውን ሰው እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ሰው ሲያረጅ ምን ይፈልጋል? እኔ ገና ነኝ፤ ግን እንደታዘብኩት ሽማግሌ የሚፈልገውን ከራሱ ከሽማግሌው በቀር ሁሉም ያውቃል።

ቀበሌያችን ዝናብ የማያስገባ አንድ የቆርቆሮ ቤት ለአረጋውያን ሰጥቶ ነበር። ጠዋት ይመጣሉ፣ ትንሽ ያወራሉ፣ ከዚያ የእንጨት ትራሳቸውን ተንተርሰው ይተኛሉ። አያቴ ከሁሉም ይብሱ ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ሰባት ነን፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ እሳቸውም ሲስሉ ይነጋል። እንቅልፍ የሚያገኙት እዚያ የቆርቆሮ ቤት ጥግ ብቻ ነበር።

ታዲያ ከአውራጃው አንድ ጓድ መጣና ሲያንኮራፉ ደረሰባቸው። አዘነ። «ይሄ የድሮ አረጋዊ ቤት ነው፤ የዘንድሮ አረጋዊ ሌላ ነው» አለ። ለዘንድሮው አረጋዊ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ወንበርና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፕሮግራም አስመጣ። ሦስት ሰዓት ስፖርት፣ አራት ሰዓት ውይይት። ጎንበስ ብሎ ኳስ የሚያነሳ ወገብ ግን አላስመጣም።

ስብሰባ ተጠራ። ብዙዎቹ አማርኛ ስለማይሰሙ ወደ አገሬው ቋንቋ ወደ አሪኛ እንዳስተረጉም እኔ ተጠራሁ። ሰው ፊት ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ የሚጠፋኝ ልጅ።

«ጓድ አባቶች፣ እናነቃችኋለን» አለ ጓዱ።

ንቃት የሚለውን ቃል በየግድግዳው አንብቤዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። መንቃት ያው መንቃት ነው ብዬ፣ «ከእንቅልፍ እንቀሰቅሳችኋለን» ብዬ ተረጎምኩት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«በቀን ስንት ጊዜ?» አሉ አንዱ።

ጓዱ ጥያቄው ደስ አለው። «ያለማቋረጥ።»

«ሌሊት ሳል፣ ቀን መንግሥት። እንግዲህ ለመተኛት መሞት ሊኖርብን ነው» አሉ ሌላው፤ ሁሉም ሳቁ።

«ምን አሉ?» አለኝ ጓዱ።

«ደስ ብሏቸዋል» አልኩት። እሱም ሳቀ።

ከዚያ አያቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ እንዲህ በዪው። ጠረጴዛውም ይግባ፣ ወንበሩም ይግባ። ስፖርቱንም ካለኝ እጄን እያነሳሁ እሠራለታለሁ። ጥጓን ብቻ ይተውልኝ። እዚያ ካልተኛሁ ሌላ የምተኛበት የለኝም።»

ጓዱ እስክሪብቶውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። ቤቱ ሙሉ ሰው አፌን ያያል።

በዚያው ሳምንት የእንጨት ትራሶቹ ተለቅመው ወጡ። ፒንግ ፖንጉን አሁን ጎረምሶች ይጫወቱበታል። ሽማግሌዎቹ ውጭ ጣራው ጠርዝ ሥር ይቀመጣሉ፤ አያቴ ሊያንቀላፉ ሲሉ ኳሷ ቷ ትላለች። «አረጋውያኑ ሙሉ በሙሉ ነቅተዋል» ተብሎ ሪፖርት ተጽፏል አሉ። ውሸት የለበትም።

አያቴ ቂም የላቸውም። «ለመንኩት፣ ሰምቶ እምቢ አለ። መንግሥት ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» ይላሉ ለሚጠይቃቸው ሁሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ መሬት እጭራለሁ።

ጓዱ ግን አልሰማም። የአያቴ ልመና ረጅም ነበር፤ እኔ ደግሞ አፈርኩ። ጓዱ ምን አሉ ሲለኝ «ተስማምተዋል» አልኩት። አጭር ስለሆነ ነው።